ጥቆማ የብርበራ ትእዛዝ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ቤት ብርበራ ባወጣችሁት ዘገባ ውስጥ «ፖሊስ ከኅብረተሰቡ ጥቆማ ከደረሰው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይጠብቅ ቤት መበርበር ይችላል፤ ይህም በየትኛውም አገር የሚሠራበት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ስለ ቀሪው ዘገባ የምለው የለኝም። ይህ ዓረፍተ ነገር ግን ስሕተት ነው፤ በዚህ ስሕተት የተነሣ ቤቴ የተገለበጠብኝ ሰው ስለሆንኩም ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአንቀጽ 32፣ ያለ ትእዛዝ ቤት መበርበር የሚቻልባቸውን ሁለት ሁኔታዎች ብቻ ይዘረዝራል። አንደኛው፣ ተጠርጣሪ እየተባረረ ወደ ቤት ሲገባ ወይም የወንጀሉን ዕቃ እዚያ ሲጥል ነው። ሁለተኛውን ነው ዘጋቢያችሁ «ጥቆማ» በምትል አንዲት ቃል የጠቀለለው። ሕጉ ግን በአንቀጽ 14 መሠረት ክስ ወይም አቤቱታ የቀረበበት፣ ከሦስት ዓመት በላይ የሚያሳስር ወንጀል እንዲኖር ይጠይቃል። ማስረጃው በዚያ ቦታ ተደብቋል ብሎ ለመጠርጠር የሚያበቃ መረጃ መድረስ አለበት፤ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ዕቃው ይሸሻል ብሎ ለማመንም በቂ ምክንያት ሊኖር ይገባል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ መሄጃው ዳኛ ዘንድ ነው። አንቀጽ 14 ደግሞ የከሳሹ ቃል በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ተነቦለት፣ ቀን ጽፎ እንዲፈርምበት ያዛል። ስሙን ሳይናገር ስልኩን የዘጋ ሰው የቱ ላይ ፈረመ?

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም.፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባልነበረበት ወቅት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አራት ፖሊሶች ከቤተሰቤ ጋር ወደምኖርበት ሰርቪስ ቤት መጡ። «ጥቆማ ደርሶናል፤ ሐሰተኛ ብር ይታተማል» አሉ። ትእዛዝ እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ አከራያችን ከበረንዳቸው ላይ ሆነው «ቤቱ የእኔ ነው፣ ግቡ» አሏቸው። ባለቤቴ ለፋሲካ ያስፈጨችው በርበሬ ከነዕቃው ወለሉ ላይ ተገለበጠ፤ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጄ ደብተሮች እዚያው በርበሬ ላይ ተጣሉ። ልጅቷ በሚቀጥለው ቀን ትምህርት ቤት የሄደችው ቀይ አሻራ ያረፈበት የሒሳብ ደብተር ይዛ ነው። የሠላሳ ሰው ዕቁብ ጸሐፊ ስለሆንኩ የዕቁቡን መዝገብ ወሰዱት። የተያዘው ዕቃ ዝርዝር አልተጻፈም፣ የፈረመ ገለልተኛ ሰው አልነበረም። አንቀጽ 33 ብርበራ፣ ፍርድ ቤት በተለይ ካልፈቀደ በቀር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ እንደሚደረግና በትእዛዙ ላይ ያልተጠቀሰ ዕቃ እንደማይወሰድ እየደነገገ የእኔ መዝገብ ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ ነው የተመለሰው። በእነዚያ ቀናት ዕጣ የወጣላቸው እናት «ብሩን በላኸው» ብለው በሰው ፊት አዋረዱኝ። ወሩ ሲያልቅም አከራያችን ቤቱን እንድንለቅ ነገሩን።

ዘገባችሁ ስለ «ቤቱ ባለቤት መብት» ደጋግሞ ሲያነሣ ተከራይ የሚለውን ቃል አንድም ቦታ አልጻፈም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን የሰጠው ለማንኛውም ሰው እንጂ ካርታ ላለው ሰው ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቀውም በግል ይዞታ ያለውን ንብረት ነው። በዚህች ከተማ በሰው ግቢ ውስጥ የምንኖረው ቁጥራችን ስንት እንደሆነ ዘጋቢያችሁ ራሱ ምናልባት ከሚኖርበት ቤት ተነሥቶ ሊገምተው ይችል ነበር።

«በየትኛውም አገር» የተባለውም ቢሆን ልክ አይደለም። በአሜሪካ፣ ማያሚ ከተማ፣ ማንነቱን ያልገለጸ ሰው ደውሎ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ የቆመ፣ ካሬ ካሬ ጥለት ያለው ሸሚዝ የለበሰ ጥቁር ወጣት ሽጉጥ ይዟል ብሎ ጠቆመ። ፖሊስ ፈተሸው፤ ሽጉጡም ተገኘ። ያም ሆኖ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2000 እ.ኤ.አ. በሙሉ ድምፅ ፍተሻው ሕገ ወጥ ነው አለ፤ ጠቋሚው የወጣቱን ልብስና የቆመበትን ቦታ በትክክል መናገሩ የተደበቀውን ነገር ያውቃል ማለት አይደለምና። የእኔም ጠቋሚ እሑድ እሑድ ሰዎች ብር ይዘው ወደ ቤቴ እንደሚገቡ ማየቱ ልክ ነበር። የሚገቡት ግን ዕቁብ ለመጣል ነበር፤ ይህንንም አንድ ቀን ቆሞ የጠየቀ መርማሪ በአሥር ደቂቃ ይደርስበት ነበር።

ጥቆማ ይቅር አላልኩም። በቀልን የሚፈራ ሰው ስሙን ሳይገልጽ መናገሩ የሚገባ ነው፤ ፖሊስም ሰምቶ ያጣራ፣ ይከታተል፣ ያገኘውን ይዞ ዳኛ ፊት ይቅረብ። እናንተ ግን ማጣራቱንም ዳኛውንም ዘልላችሁ ከስልኩ በቀጥታ ወደ በሩ ወሰዳችሁት።

ዘገባውን ያነበብኩት አሁን ያለሁበት ቤት አከራይ በቴሌግራም ልከውልኝ ነው፤ ከሥሩ «ይኸው፣ ሕጉ ይፈቅዳል ማለት ነው» ብለው ጽፈዋል። እርማት ስታወጡ የአንቀጽ 32ን ንኡስ አንቀጽ 2 ሙሉ ቃሉን አትሙልኝ፤ እኔም መልሼ እልክላቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዕቁብ ጸሐፊና ተከራይ፣ ከአዲስ አበባ
(ሙሉ ስሜና ፊርማዬ ከደብዳቤው ዋና ቅጂ ጋር ለዝግጅት ክፍሉ ደርሷል)