ጎድን፣ ትንፋሽና ሁለት ሥጋ ቤት፦ የባዮሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የባዮሎጂ ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ ለሚል መልሱ አጭር ነው፤ ጎድን ሲቆጥር ከረመ። አምና ብዙ ርዕስ ጀምረን አንዱንም ሳንጨርስ ሰኔ እንደ ደረሰብን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. የደረት ጡንቻዎችና አተነፋፈስ በሚል አንድ ርዕስ ብቻ ረጋን። "ጠበበ" ያሉን ነበሩ፤ አንብበው ይፍረዱን።

መነሻችን አንዲት ጥያቄ ናት። ደረታችን የሚነፋው አየር ስለገባ ነው ወይስ አየር የሚገባው ደረታችን ስለሰፋ? በመጀመሪያው ስብሰባ አብዛኞቹ አባላት ፊተኛውን መረጡ፤ ፊኛ እየነፋ ላደገ ልጅ አይፈረድበትም። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሳንባ ራሱን የሚያሰፋበት ጡንቻ የለውም። ድያፍራም፣ ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ፣ ወደ ታች ሲወርድና ጎድኖች ሲነሱ የደረት ውስጥ ይሰፋል፣ የሳንባው ግፊት ከውጭው በጥቂቱ ዝቅ ይላል፣ አየርም ይገባል። ዐረፍ ብሎ ለተቀመጠ አዋቂ ሰው የአንድ ጊዜ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ያህል ሲሆን ትልቁን ድርሻ የሚሠራው ድያፍራም ነው።

ሃይላንድ ቆርጦ ከሥሩ ፊኛ ወጥሮ ድያፍራምን ማሳየት ሁሉም ትምህርት ቤት የሚሠራው ነው፤ እኛም ሠርተናል። ጉድለቱ የሃይላንዱ ግድግዳ አለመንቀሳቀሱ ነው፤ ጎድንን አያሳይም። ስለዚህ ወደ ካርቶን ዞርን። ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች፣ አንዱ አከርካሪ ሌላው ፍርምባ፣ በመካከላቸው ሁለት ትይዩ ጎድኖች፣ አራቱም መገጣጠሚያ በፒን ላላ ተደርጎ የታሰረ። ፒኑ ከጠበቀ ምንም አይንቀሳቀስም፤ የብስኩት ካርቶን ደግሞ ይታጠፋል፣ ሁለት ድርብ አድርጎ ማጣበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ላስቲክ ነው። የላስቲኩ አንድ ጫፍ የላይኛው ጎድን ላይ ከአከርካሪው አጠገብ፣ ሌላው ጫፍ የታችኛው ጎድን ላይ ወደ ፍርምባው ጠጋ ብሎ ይታሰራል። ሲለቀቅ ሁለቱም ጎድኖች ይነሳሉ፤ የታችኛው ጫፍ ከመታጠፊያው ስለሚርቅ ጉልበቱ ያይላል። ውጨኛው ኢንተርኮስታል፣ ማለትም በጎድንና በጎድን መካከል ያለው ጡንቻ፣ የሚሠራው እንዲህ ነው።

አንድ ቡድን ላስቲኩን ገልብጦ አሰረና ጎድኖቹ ወረዱ። ተሳሳትን ብለው ሊፈቱት ሲሉ አስቆምናቸው፤ ሳያውቁት ውስጠኛውን ኢንተርኮስታል ሠርተዋል። እሱ ጎድንን እየሳበ የሚያወርድ፣ አየር በኃይል ስናስወጣ የሚያግዝ ጡንቻ ነው። ፍርምባው አጠገብ በጎድኖቹ የለስላሳ አጥንት ጫፎች መካከል ያለው ክፍሉ ብቻ ከዚህ ይለያል፤ እሱ አየር ስናስገባ ጎድንን ያነሳል።

እውነተኛውን ለማየት በግ ያስፈልጋል። ማንም ልጅ ሳይሳቀቅ እንዲነካ አንዱን ጎን ከክርስቲያን ሥጋ ቤት፣ ሌላውን ከሙስሊም ሥጋ ቤት ገዛን። የደሴ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። ባለሥጋ ቤቶቹ በልማዳቸው በመጥረቢያ ሊመቱት ነበር፤ "ሳይሰበር" ብሎ አስቀድሞ መናገር ግድ ነው። ከዚያ ቆጠራው ጠብ አስነሳ። መጽሐፉ 12 ጥንድ ይላል፣ ልጆቹ በአንዱ ጎን 13 አገኙ። በግ 13 ጥንድ አለው፤ 12 የሰው ነው።

አሠራሩን ለሚቀጥለው ክበብ እንጻፍ። መጀመሪያ ላዩን የሸፈነውን ሰፊና ወፍራም ሥጋ መግፈፍ ነው፤ ብዙ ጀማሪ እሱን ኢንተርኮስታል ይለዋል። ከጎን እንጂ ከፍርምባው አጠገብ አይጀመርም፤ እዚያ ውጨኛው ጡንቻ ያልቃል። በሁለት ጎድኖች መካከል ክሮቹ ወደ ታችና ወደ ፊት ያዘነብላሉ፣ እጅ ኪስ ሲገባ ጣቶች እንደሚያመለክቱት። በታችኛው ጎድን የላይ ጠርዝ ላይ 3 ሳንቲሜትር ያህል በስሱ ቀድዶ ወደ ላይ ሲገፈፍ የውስጠኛው ክሮች ይወጣሉ፤ ከፊተኛው ጋር መስቀለኛ ናቸው። ምላጩን ከተጫኑት ሁለቱም በአንዴ ተቆርጠው ፕሉራው፣ ደረትን ከውስጥ የለበሰው ስስ ሽፋን፣ ይበሳል። ከአምስቱ ቡድን ሁለቱ የሆነባቸው ይህ ነው። ቀስ ያሉት ግን በላይኛው ጎድን የታች ጠርዝ ሥር ተሸሽገው የሚሄዱትን ደም ሥሮችና ነርቭ አገኙ። ሐኪም ከደረት ውኃ ሲቀዳ መርፌውን ከጎድን በላይ እንጂ ከጎድን ሥር የማያስገባው ለዚህ ነው።

ሳምንታዊው ስብሰባ፣ የሚኒ ሚዲያ ዝግጅቱና የግድግዳ ጽሑፉ እንደ ወትሮው ሄዷል። ሁዳዴና ረመዳን በየካቲት አንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ስለ ገቡ እስከ ፋሲካ ድረስ ሥራው ቀዝቅዟል፤ የበጉን ሥራ በጥር መጨረሳችን ጠቀመን።

ግንቦት ላይ ጦሳ ተራራ ወጣን። ከመነሳታችን በፊት እያንዳንዱ የትንፋሹን ብዛት በደቂቃ ቆጥሮ ጻፈ፣ የደረቱን ዙሪያም በልብስ ሰፊ ሜትር ለካ፤ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው። ደሴ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። የኦክሲጅን ድርሻው ኮምቦልቻም ጦሳም 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ያንሳል። ዳገቱ ላይ ግማሹ ቡድን ቆሞ ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ። ድክመት ብቻ አይደለም፤ ክንድ ጉልበት ላይ ሲደገፍ ትከሻ ይረጋል፣ ወትሮ ክንድን የሚያንቀሳቅሱት የደረት ጡንቻዎችም ዞረው ጎድን ያነሳሉ። አንገት ላይ ጣት ያስቀመጡት ደግሞ የስካሊን ጡንቻ ሲወጠር ዳሰሱ።

ጫፍ ላይ መንዙማ የሚያወጣ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለን። ጓደኞቹ ግራና ቀኝ የታች ጎድኑን፣ አንዱ ሆዱን ይዘው አንድ ረጅም ስንኝ በአንድ ትንፋሽ አወጣ። ሲጀምር ጎድኑ አልወደቀም፤ እንደ ተነሳ ቆይቶ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ወረደ። ሆዱ የጠነከረው ወደ መጨረሻው ብቻ ነው። ዝም አሉ። ከዚያ ዳር የቆመች ልጅ፣ "መምህር፣ ማስወጣት ጡንቻ ሲላላ ነው ብለን ጽፈን የለ? ታዲያ ይሄ ያነሳው ጡንቻ እያስወጣም እየሠራ ነው?" አለች። አዎ፣ እየሠራ ነው። የሞላ ሳንባ ከተለቀቀ አየሩ በአንዴ ያመልጣል፤ ያነሱት ጡንቻዎች እንደ ፍሬን እየያዙ ይለቁታል፣ አየሩ ሲሳሳ የሆድና የውስጠኛው ጡንቻ ይረከባሉ። ማስታወሻችን ላይ ያለው የእርጋታ ትንፋሽ ብቻ ነው። ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ የራሷን ማስታወሻ እዚያው አረመች። ከዓመቱ ሁሉ የምንይዘው ይህን ነው።

የበጉ ዋጋ፣ ምላጩና ጓንቱ ከአባላት መዋጮና ከሁለት መምህራን ኪስ ወጥቷል። ለስፖርት ማልያ የተገኘው ገንዘብ ለጓንት ለምን እንደሚጠፋ ወመህ (የወላጅና መምህር ኅብረት) ቢያስብበት ደስ ይለናል። ለ2018 የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ 5 መቀስ፣ 5 መቆንጠጫ፣ 2 ካርቶን ጓንትና የሁለት በግ ጎን። ላብራቶሪ ውስጥ ያለው የደረት ሞዴል ደግሞ ድያፍራሙ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቀይ፣ ጉልላት መሰል ፕላስቲክ ነው፣ መዳፍ የሚያህል። ያገኘ ለክበቡ ያስረክብ፤ ምን እንደሆነ ለመለየት አባላቱ አይቸገሩም።