ደብዳቤ ለልጄ፦ የመጨረሻዎቹ ሃያ ሜትሮች

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? ምራቴስ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጀሞ ያገኛችሁትን ቤት በስልክ ስታሳየኝ መስኮቱን አይቼ ገና ደስታዬን ሳልጨርስ «እማዬ፣ ኢንተርኔት የትኛውን ላስገባ? ባለ ስንቱን?» አልከኝ። በስልክ ብነግርህ ግማሹ ይጠፋብሃል ብዬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። አንተን ያሳደግኩት፣ የትምህርት ቤት ክፍያህን የከፈልኩት በዚሁ በኢንተርኔት ቤት ሥራ ነውና በሁለት ቃል መልሼ ልተወው አልቻልኩም።

«ባለ ስንቱን» የሚለው መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የምትጠይቀው መስመሩ በምን መጥቶ ቤትህ እንደሚገባ ነው፤ በመዳብ ሽቦ ነው፣ በፋይበር ነው ወይስ በአየር? ከዚያ ቀጥሎ ከሕንጻው ሳጥን እስከ ጠረጴዛህ ያሉትን ሃያ ሜትሮች ታያለህ። ኢንተርኔት ቤቱን በሠራሁባቸው ዓመታት «መስመሩ ሞተ» ብለን ከተማረርንባቸው ቀናት የሚበዙት፣ ችግሩ የተገኘው ከባሕር ማዶም ከአዲስ አበባም ሳይሆን እዚያው ግድግዳችን ላይ ነበር።

ያንን ቤት አዳማ ላይ በ1996 ስከፍት አንተ የአራት ዓመት ልጅ ነበርክ። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ስለሆነ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ በስልክ እየደወልን ነበር የምንገናኘው፤ በኋላ 128 ኪሎ ቢት የሚባለውን መስመር አስገባሁ። አንድ ቀን ለውጭ አገር ትምህርት የሚያመለክት ወጣት መጥቶ 4 ሜጋ ባይት የሚሆን የማመልከቻ ሰነድ ማውረድ እንደሚፈልግ ነገረኝ። እኔም 4 ሜጋውን ለ128 አካፍዬ «በግማሽ ደቂቃ ያልቅልሃል» አልኩት። ከአራት ደቂቃ በላይ ወሰደ፤ ያውም ሌሎቹን ደንበኞች ለምኜ እጃቸውን ካስነሳሁ በኋላ። የምናስከፍለው በደቂቃ ነበርና ልጁ ኪሱን እየዳበሰ ሰዓቱን ሲያይ ዛሬም ይታየኛል። ገንዘቡን መለስኩለት። መስመር የሚሸጠው በቢት፣ ሰነድ የሚለካው በባይት መሆኑን፣ አንድ ባይት ደግሞ ስምንት ቢት መሆኑን ያን ዕለት ነው የተማርኩት። ስለዚህ «20 ሜጋ» ሲሉህ በሰከንድ የምታወርደው 2.5 ሜጋ ባይት ነው። ማንም አላታለለህም፤ ቁጥሩን ግን ለስምንት አካፍለህ አንብበው።

አሁን ወደ ሽቦው። ሕንጻችሁ ውስጥ የቆየው የስልክ መዳብ ሽቦ ብቻ ካለ፣ ሌላ አማራጭ እስካልጠፋ ድረስ አትቀበለው። የመዳብ መስመር ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ይዳከማል፤ በተለይ ደግሞ ወደ ውጭ የምትልክበት በኩል ጠባብ ነው፤ የተለመደው ዓይነት ከ1 ሜጋ ቢት ብዙም አያልፍም። አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ ጀርመን ካሉ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት እየተያየህ የምትሠራ ሰው ነህ። ምስልህ የሚሄደው በዚያ ጠባብ በር ነው። አንተ እነሱን ጥርት አድርገህ እያየህ እነሱ ያንተን ፊት ተቆራርጦ ካዩት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ክረምት ደግሞ አለ። ሐምሌ ሲገባ መስመራችን ከሰዓት በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይቋረጥ ነበር። ስልኩን ሳነሳ ቆሎ ሲቆላ እንደሚሰማው ይንጫጫል። ከሁለት ሳምንት ምልልስ በኋላ አንድ ሽማግሌ ቴክኒሽያን መጡና ከጣራችን ክዳን ሥር ያለችውን ግራጫ ሳጥን ከፈቷት። ውሃ በጠብታ ገብቷል፤ የሁለቱ ሽቦዎች መጋጠሚያ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ሰውዬው የዛገውን ቆርጠው ጣሉ፣ አዲሱን ጫፍ በጥርሳቸው ልጠው ጠመዘዙት፣ ሳጥኗንም ቀዳዳዋ ወደ ታች እንዲሆን ገልብጠው መቱልኝ። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስምንት ኮምፒውተር ሸፍኜ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ወዲህ መስመር ሲበላሽ መጀመሪያ የማየው ሳጥኑን ነው።

ፋይበር ከዚህ ሁሉ ያሳርፍሃል። የሚያልፍበት ብርሃን ነው፤ ዝገት አያውቀውም፣ መብረቅም እንደ መዳብ በእሱ ተከትሎ ቤት አይገባም። ኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር ወደ ሕንጻችሁ አስገብቶ እንደሆነ 994 ደውለህ ወይም ቅርብህ ካለው የአገልግሎት ማዕከል ሄደህ ጠይቅ፤ የብሎክ ቁጥርህን፣ ፎቅህንና የቤት ቁጥርህን ይዘህ ሂድ። ከዚያ በላይ ግን ጎረቤቶችህን እመናቸው። ቡና ሲፈላ ጎራ በልና «ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እንዴት ነው? ሲበላሽስ በስንት ቀን ይመጣሉ?» ብለህ ጠይቅ። ማታውን ነጥለህ መጠየቅህ በከንቱ አይደለም፤ ከጣቢያ የሚወጣው አንድ የፋይበር ክር በመንገድ ላይ ተከፋፍሎ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይደርሳል፤ በተለመደው ዓይነት ሁሉም የሚጋሩት 2.5 ጊጋ ቢት ያህል ነው። ሰው ሁሉ ከሥራ ሲመለስ የሚጨናነቀው ለዚህ ነው።

ፋይበር የለም ካሉህ የአየሩን ትወስዳለህ፤ ሲም ካርድ የሚገባበትን የ4ጂ ራውተር ማለቴ ነው። በ2015 መግቢያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በዚህ በኩል የምታወዳድረው ሁለት ሆኗል። የትኛው ይሻላል ብለህ እኔን አትጠይቀኝ፤ መስኮትህን ጠይቅ። የሁለቱንም ሲም ካርድ ስልክህ ውስጥ እያስገባህ ሦስት ምሽት እዚያው መስኮት አጠገብ ፍጥነቱን ለካ፣ ጻፈው። ለጓደኛህ ቦሌ ላይ የሚበርረው ላንተ ጀሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊያነክስ ይችላል፤ የሚወስነው የኔትወርክ ምሰሶው ከየት በኩል እንደሚያይህ ነው። የአየሩ ጥቅል በጊጋ ባይት የተገደበ መሆን አለመሆኑንም ሳታነብ ገንዘብ አታውጣ።

ባለ ስንቱን ላልከው አሁን ደረስኩ። የሥራ ስብሰባህ ጥርት ያለ ምስል እንዲኖረው በመግቢያም በመውጫም ከ3 እስከ 4 ሜጋ ቢት ይበቃዋል። ምራቴ ዱባይ ካለችው እህቷ ጋር ስትነጋገር እንደዚያው በለው። ቴሌቪዥኑ ጥራት ያለው ፊልም ሲያሳይ 5 ያህል ይወስዳል። ስልኮቹ በራሳቸው የሚያወርዱትን ጨምርበትና ከ20 እስከ 25 ሜጋ ያለው ለሁለት ሰው ይተርፋል። ባለ 100ውን ለመግዛት አትቸኩል፤ የቤት ኪራይ አለባችሁ። «የሚልክበት ፍጥነት ስንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ግን ሳታስመልስ ውል አትፈርም።

አንድ ነገር ደግሞ የትኛውም ጥቅል አይገዛልህም። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገሮች፣ በተለይ በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕር ወርዶ ነው አውሮፓ የሚደርሰው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ጀርመን ደርሶ መልስ በቀጥታ መንገድ እንኳ ከ10,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ቢያንስ የሰከንድ አንድ ሃያኛ ትዘገያለህ፤ በእውነቱ ደግሞ ከዚያ በላይ። ስብሰባ ላይ ከእነሱ ጋር ቃል ስትሻሙ መስመርህ ተበላሽቷል ብለህ አትደናገጥ፤ ትንሽ ጠብቀህ ተናገር።

መስመሩን ሊዘረጉልህ የሚመጡ ቀን ሥራህን ትተህም ቢሆን አጠገባቸው ሁን። እዚህ አዳማ ለእኔ ፋይበሩን ያስገባው ልጅ እጁ ቀልጣፋ ነበር፤ ነጩን ልባስ ገፈፈ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነችውን መስታወት በአልኮል ጠረገ፣ ቆረጠ፣ ገጠመ፣ የሚደርሰውን የብርሃን ጉልበት በመለኪያው አየና «ከዜሮ በታች 21» ብሎ አሳየኝ። ጥሩ ነው። ከዚያ ግን ሊሄድ ቸኩሎ ገመዱን በበሩ ጉበን ማዕዘን ላይ አጥፎ በሚስማር ቸከለው። እሱ ደረጃውን ሳይጨርስ ፋይበሩ የሚሰካበት የቤት ውስጥ ሳጥን ላይ ቀይ መብራት በራ። ብርሃን እንዲያ በሾለ መታጠፊያ ሲያልፍ ወደ ውጭ ያመልጣል። ሚስማሩን ነቅዬ ገመዱን የቡና ስኒ ማስቀመጫ በሚያህል ክብ አዞርኩት፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አንተም ሰውዬውን በአክብሮት «ልኬቱን አሳየኝ» በለው። ከዜሮ በታች 27 አካባቢ ከሆነ መስመሩ ዛሬ ቢሠራ እንኳ ነገ ስለሚወድቅ ሳያስተካክል አትልቀቀው። ገመዱ በመስኮት መዝጊያ እንዳይጨፈለቅ፣ በር ሥርም እንዳያልፍ ተመልከት። ተጨማሪ ሁለት ሜትር ያህል ተጠቅልሎ እንዲቀርልህ ለምነው፤ ዕቃ ስታዛውሩ ያስፈልጋችኋል።

ራውተሩን ቴሌቪዥኑ ጀርባ አትደብቀው። ማቀዝቀዣው አጠገብም፣ መሬት ላይም አይሁን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሞገዱ የብሎኬቱን ግድግዳ ያልፋል፤ ብረት የታሰረበት የኮንክሪት ዓምድ ግን ያዳክመዋል። ሳሎንና መኝታ ቤት መካከል፣ ከትከሻህ ከፍ ያለ ቦታ ፈልግለት። ሁለት ዓይነት ሞገድ አለው፦ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን የጎረቤቶችህ ሁሉ ራውተር በእሱ ላይ ስለሚጮህ ይጨናነቃል፤ እርስ በርስ የማይነካኩት መንገዶቹ (ቻናል የሚሏቸው) 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። 5 ጊጋ ኸርዝ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን አይወድም። ለሥራ ኮምፒውተርህ ሁለቱንም ተውና የኔትወርክ ገመድ ዘርጋ። ይህን የምልህ እናትህ ስለሆንኩ አይደለም፤ በገመድ የተያያዙት ኮምፒውተሮቼ አንድ ቀን አላሳፈሩኝም።

የይለፍ ቃሉን ቴክኒሽያኑ ገና በር ላይ ሳለ ቀይረው። የዋይፋዩን ብቻ አይደለም፤ የራውተሩን የራሱን መግቢያም ነው። ጀርባው ላይ የታተመውን እንዳለ ከተውከው ቤትህ የገባ እንግዳ ሁሉ ገልብጦ ሊያነበው ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ፋይበሩ አይሞትም፤ የሚሞተው ሳጥኑ ነው። ምጣድና ምድጃ አንድ ላይ ተለኩሰው ብሬከር ሲወርድም እንደዚያው፤ እንጀራ የምትጋግሩበትን ቀን ከስብሰባህ ጋር አታገጣጥሙት። የፋይበሩ ሳጥንና ራውተሩ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው፤ የመጽሐፍ ስፋት ያላት ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የምትተካ ባትሪ ማለቴ ነው፣ ለሰዓታት ትይዛቸዋለች። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ሳታስተያይ ግን አትሰካ።

ለአንተ አንዷን ገዝቼ እዚህ ሁለት ቀን ሞክሬያታለሁ፤ አራት ሰዓት ቆየችልኝ። የጎረቤታችን ልጅ ቅዳሜ ስለሚመጣ በእሱ እልካታለሁ። ከበርበሬው ጋር ነው ያደረግኳት፤ በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ከላይ ስላስቀመጥኳት መጀመሪያ እሷን አውጣ። መስመሩ የገባ ቀን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ምስልህን አብርተህ ደውልልኝ፤ የመለኪያውን ቁጥርና ራውተሩን ያስቀመጥክበትን ቦታ አሳየኝ።

እናትህ
አዳማ