ከኤክስተርናል ኬዝ ወጥቶ ሊኑክስ ላይ «ባዶ ነው» ስለሚባል ሃርድ ዲስክ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አዳፕተር ሲቃጠል ወይም የዩኤስቢ መሰኪያው ሲላላ ብዙ ሰው ኬዙን ከፍቶ ዲስኩን ያወጣና በሳታ ገመድ በቀጥታ ዴስክቶፑ ውስጥ ይሰካዋል። ነገሩ ልክ ነው። ግን ሊኑክስ ሲነሳ ዲስኩ ይታያል፣ ሞዴሉና ሙሉ መጠኑም በትክክል ይነበባል፣ ፋይሎቹ ግን የሉም። አንዳንዴ ጭራሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) የለም ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ በ4 ቴራባይቱ ዲስክ ላይ 500 ጊጋባይት ገደማ የሆነና አልከፈት ያለ ፓርቲሽን ያሳያል። በዚህ መሐል የዲስክ ማስተዳደሪያው ፕሮግራም ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

እባካችሁ እሺ አትበሉት። እንዲህ ባለ ሁኔታ ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከነበሩበት አልተነቃነቁም። የተለወጠው ኮምፒውተሩ ዲስኩን የሚቆጥርበት መለኪያ ነው። በፎርማት የሚጠፋው መረጃ ግን እውነተኛ ነው፤ ዲስኩ እኛ ዘንድ ከፎርማት በኋላ ሲመጣ ሥራው ብዙ እጥፍ ይከብዳል፣ ሁሉም ፋይል መመለሱም አይረጋገጥም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዲስክ የሚቆጠረው ሴክተር በሚባሉ ቁርጥራጮች ነው፤ በሳታ በቀጥታ ሲሰካ አብዛኛው ዲስክ አንድ ሴክተር 512 ባይት ነው ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። ኤምቢአር የሚባለው የድሮው የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ደግሞ የሴክተር ቁጥር የሚጽፍበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ስለሆነ፣ በ512 ባይት ሴክተር ከ2.2 ቴራባይት በላይ መቁጠር አይችልም። ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ከዚህ ሰንጠረዥ ሌላ ስለማያነብ፣ ትልልቅ ኤክስተርናል የሚሠሩ አምራቾች አንድ መላ ዘየዱ፤ ኬዙ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቦርድ ስምንት ስምንቱን ሴክተር አንድ አድርጋ፣ አንዱ ሴክተር 4096 ባይት ነው ብላ ለኮምፒውተሩ ታቀርባለች። ፓርቲሽኑም በዚሁ ቁጥር ይጻፋል። ዲስኩን ከቦርዷ ስትለዩት ሰንጠረዡ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች እንዳሉ ይቆያሉ፣ መለኪያው ግን ወደ 512 ይመለሳል። በክንድ ተለክቶ የተጻፈን ወሰን በስንዝር እንደመከለል ነው።

በቁጥር እንየው። የተለመደው 4 ቴራባይት ዲስክ 7,814,037,168 ባለ 512 ባይት ሴክተሮች አሉት። ያው ዲስክ በኬዙ ውስጥ 976,754,646 ባለ 4096 ባይት ሴክተሮች ያሉት ሆኖ ይታያል (አንዳንድ ቦርዶች መጨረሻው ላይ ትንሽ ቦታ ለራሳቸው ስለሚያስቀሩ ቁጥሩ ጥቂት ሊያንስ ይችላል)። ፓርቲሽኑ በሴክተር 256 ይጀምራል ተብሎ ከተጻፈ እውነተኛ መነሻው 256 ሲባዛ በ4096፣ ማለትም ባይት 1,048,576 ላይ ነው። ሊኑክስ በ512 ሲያበዛው ግን ባይት 131,072 ላይ ይፈልገዋል፤ እዚያ ምንም ፋይል ሲስተም (ፋይሎቹ የሚደራጁበት ሥርዓት) የለም። ርዝመቱም በዚያው ስሌት አንድ ስምንተኛ ይሆናል። «ኤልኤስ ብሎክ» የሚለው ትዕዛዝ ዲስኩን 3.6 ቴራ፣ ፓርቲሽኑን 465.8 ጊጋ ብሎ ካሳያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ይህን የአንድ ስምንተኛ ምልክት ያየ ሰው ሌላ ምርመራ ብዙም አያስፈልገውም።

ሰንጠረዡ አዲሱ ጂፒቲ ከሆነ ምልክቱ ይለያል። የጂፒቲ መግቢያ የሚቀመጠው ሴክተር 1 ላይ ነው። በኬዙ አቆጣጠር ይህ ባይት 4096 ነው፤ በቀጥታ ሲሰካ ግን ሊኑክስ ባይት 512 ላይ ስለሚፈልገው አያገኘውም። ስለዚህ ፓርቲሽን ጨርሶ አይታይም፤ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ የሚያነበውን «ኤፍዲስክ» ስታዝዙት «ኢኢ» የሚል ዓይነት ያለው አንድ የመከላከያ ፓርቲሽን ብቻ ያወጣል።

ወደ መፍትሔው ከመሄዳችሁ በፊት የዲስኩን ጤንነት እዩ። በ«ስማርትሲቲኤል» የሚወጣው ዝርዝር ላይ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ዜሮ ካልሆኑና እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው፤ ማውንት አታድርጉት (ፋይሎቹን ለማየት አትክፈቱት)፣ በ«ዲዲሬስኪው» ሙሉ ቅጂ ወደ ሌላ ዲስክ ይወሰድ። ቁጥር 199 ብቻውን የሚጨምር ከሆነ ግን ጥፋተኛው በአብዛኛው የሳታ ገመዱ ነው፤ ገመዱን ለውጡና ቁጥሩ መቆሙን ተመልከቱ። የቆየው ቁጥር ወደ ዜሮ አይመለስም፣ በዚያ አትደንግጡ።

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ሊኑክስ ውስጥ ያለው «ሎሴትአፕ» ቦርዷ ስትሠራ የነበረውን ሥራ ይሠራላችኋል። በዲስኩ ላይ አንዲት ባይት ሳይጽፍ ባለ 4096 ባይት ሴክተር የሆነ ሌላ ዲስክ አስመስሎ ያቀርበዋል። ትዕዛዙን በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ስትሰጡ አምስት አማራጮች ጨምሩበት፦ «ፋይንድ» ያልተያዘ «ሉፕ» (አስመሳይ ዲስክ) ይፈልጋል፣ «ሾው» ስሙን ይነግራችኋል፣ «ሪድ ኦንሊ» መጻፍን ይከለክላል፣ «ፓርትስካን» ፓርቲሽኖቹን ያወጣል፣ «ሴክተር ሳይዝ» ደግሞ 4096 ተብሎ ይሞላል። መጨረሻ ላይ የዲስኩ ስም ይገባል፤ እዚህ ጋ የፓርቲሽኑን ሳይሆን የሙሉ ዲስኩን ስም ስጡ፣ ማለትም ኤስዲቢ እንጂ ኤስዲቢ 1 አይደለም። የእያንዳንዱ ትዕዛዝ የኪቦርድ አጻጻፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ባያያዝነው ገጽ ላይ አለ፣ ከዚያ ገልብጡት። «ሴክተር ሳይዝ» የሚለው አማራጭ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 4.14 እና ዩቲል ሊኑክስ 2.30 ወይም ከዚያ በኋላ የወጡትን ይፈልጋል፤ ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ያሉት ስሪቶች ከዚያ በላይ ናቸው።

ትዕዛዙ ከተሳካ «ኤልኤስ ብሎክ» ላይ «ሉፕ» በሚል ስም ሥር ፓርቲሽኑ በሙሉ መጠኑ ይታያል። ያንን ሪድ ኦንሊ አድርጋችሁ ማውንት ማድረግ ነው። ፋይል ሲስተሙ የሊኑክሱ ኢኤክስቲ 4 ሆኖ ቀድሞ በአግባቡ ሳይነቀል ከቀረ፣ ጆርናሉን (የለውጦች መዝገቡን) ልጻፍ ብሎ ስለሚከለከል እምቢ ይላል፤ «ኖሎድ» የሚለውን የማውንት አማራጭ ስትጨምሩ ይከፈታል። በጣም አሮጌ ሲስተም ላይ ለሆናችሁ ደግሞ «ኦፍሴት» ብላችሁ 1,048,576 በመስጠት ማውንት ማድረግ ይቻላል፤ ቁጥሩ የሚሠራው ግን ፓርቲሽኑ በ256 ለሚጀምር ዲስክ ብቻ ነው፣ የእናንተ መነሻ ሌላ ከሆነ እሱን በ4096 አባዙት።

ከዚያ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። መነሻውንና ርዝመቱን በስምንት አባዝቶ ሰንጠረዡን እዚያው ዲስክ ላይ እንደገና መጻፍ እንደሚቻል እናውቃለን። አንመክረውም። ከ2.2 ቴራባይት በላይ የሆነው በኤምቢአር ስለማይጻፍ ወደ ጂፒቲ መለወጥ ግድ ይሆናል፤ ፋይል ሲስተሙ የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ደግሞ በራሱ የመነሻ ሴክተር ውስጥ 4096 የሚል ቁጥር ስለያዘ ሰንጠረዡ ቢስተካከል እንኳ ዊንዶውስ ላይ ሊያስቸግር ይችላል። ፋይሉ አንድ ቅጂ ብቻ እያለ እንዲህ ያለ ሥራ አይጀመርም። መጀመሪያ ገልብጡ፣ የተገለበጠውን ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ በኋላ ዲስኩን በአዲስ ጂፒቲ ፎርማት ማድረግ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈቱት ዲስኮች በሚዘረዘሩበት የኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ ስታስገቡትም ኤስዲቢ ወይም ኤስዲሲ በሚለው ስም አትጻፉት፤ ሌላ ዲስክ ሲጨመር ይህ ስም ይለዋወጣል። ዩዩአይዲውን (የማይለዋወጠውን መለያ ቁጥር) ተጠቀሙ፣ «ኖፌይል» የሚለውንም ጨምሩበት፣ ዲስኩ የተነቀለ ዕለት ኮምፒውተሩ ሳይነሳ እንዳይቀር።

ዲስኩ ከነጭራሹ የማይሽከረከርና ባዮስም የማያየው ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከኬዝ የሚወጡ ብዙ አዳዲስ ዲስኮች የሳታ 3.3 ደንብን ይከተላሉ፤ በዚህ ደንብ ባለ 15 እግር በሆነው የኃይል መሰኪያ ላይ ሦስተኛው እግር ዲስኩን ማጥፊያ ነው። የድሮ ፓወር ሰፕላይ በዚያው እግር ላይ 3.3 ቮልት ስለሚልክ ዲስኩ ሁልጊዜ እንደጠፋ ይቆያል። ከሞሌክስ (ከድሮው ባለ 4 እግር የኃይል መሰኪያ) ወደ ሳታ የሚቀይር ገመድ 3.3 ቮልት ስለሌለው ችግሩን ይፈታል፤ ስትገዙ ግን ገመዶቹ በፕላስቲክ ውስጥ ተቀልጠው የተደፈኑበትን አትውሰዱ፣ ውስጡ ተገናኝቶ የሚቃጠለው እሱ ነው። ሌላው መንገድ ከዳታው መሰኪያ በኩል ስትቆጥሩ ሦስተኛውን የዲስኩን እግር በካፕተን ቴፕ (ሙቀት በሚችል ቀጭን ቴፕ) መሸፈን ነው። ተራ የወረቀት ፕላስተር ይላቀቃል፣ አይሆንም።

በሎሴትአፕም ምንም ፓርቲሽን ካልወጣና ዲስኩ ከመጀመሪያው ሴክተር ጀምሮ ትርጉም የለሽ ባይት ብቻ ከሆነ፣ ቦርዷ መረጃውን በኢንክሪፕሽን ስትጽፍ የነበረ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ኤክስተርናሎች እናንተ የይለፍ ቃል ባትሰጧቸውም እንዲህ ያደርጋሉ። ያኔ ዲስኩ ያለ ቦርዱ አይነበብም። አዳፕተሩ ብቻ ከሆነ የተቃጠለው፣ ተመሳሳይ ቮልትና በቂ አምፔር ያለው ሌላ አዳፕተር ገዝቶ ኬዙን ማስነሳት ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ባለ 3.5 ኢንቹ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ይፈልጋል፣ ግን ኬዙ ላይ የታተመውን አንብቡ።

በተቃራኒው፣ ኮምፒውተር ውስጥ ፎርማት የተደረገ ዲስክ 4096 ወደሚያቀርብ ኬዝ ሲገባም ያው መሳት ይፈጠራል። መፍትሔውም ያው ነው፣ በሎሴትአፕ ላይ የሚሰጠው ቁጥር ብቻ 512 ይሆናል።

ስለዚህ ዲስክ ስታመጡልን ዲስኩን ብቻ ነጥላችሁ አታምጡ። ኬዙን፣ ውስጡ ያለችውን ቦርድ፣ አዳፕተሩንና ገመዱን፣ የተሰበረም ቢሆን፣ ሁሉንም በአንድ ላስቲክ አድርጋችሁ አምጡ፤ ዲስኩ ከየትኛው ኬዝ እንደወጣ በወረቀት ለጥፉበት። ከወጣ በኋላ የሞከራችሁት ፕሮግራም ካለም ስሙን ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍሉ