እናቴ የምታርፍበት ግንድ ጠፋ

ሰላም የሀዋሳ ልጆች፣ በተለይ እሁድ እሁድ ቤተሰብ ይዛችሁ ሐይቅ ዳር የምትወርዱ!

አሞራ ገደል አካባቢ አንድ የወደቀ ግንድ ነበር። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ቀስ እያለች እዚያ ድረስ ትሄድና፣ አረፍ ብላ፣ ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ አይታ ነው የምትመለሰው። ባለፈው ወር ስንሄድ ግንዱ የለም። ማገዶ ሆኗል መሰለኝ፣ በወሰደው ሰው አልፈርድም። እሷ ግን መሀል መንገድ ላይ ቆመችና "በሉ እንመለስ" አለች። ከዚያ ወዲህ እንሂድ ስንላት ሰበብ ታበዛለች።

ይህን በእድራችን ስብሰባ ላይ ሳወራ ነፍሰ ጡሯም፣ ሕፃን ያዘለችውም፣ ጡረተኛውም ለካ መቀመጫ አጥተው ነው ሳይፈልጉ ካፌ እየገቡ ቡና የሚያዙት። መንገዱማ ምን ይወጣለታል? ውሃው ሞልቶ ከተማው እንዳይገባ የተሠራው ግድብ ላይ ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ፤ ታቦር ተራራ መውጣት ያቃተው ሁሉ ይሄደዋል።

ስለዚህ 6 የሲሚንቶ አግዳሚ ወንበሮችና 4 የቆሻሻ ገንዳዎች ልናስቀምጥ ነው። ወንበሩን ብረት ያላደረግነው ሌሊት ነቅሎ የሚሸጠው ስለማይጠፋ ነው። ገንዳዎቹ ደግሞ የሚቀረቀር ክዳን የግድ ያስፈልጋቸዋል። ጦጣዎቹን ታውቋቸው የለ! የልጄን ዳቦ ከእጁ ነጥቀው፣ እያለቀሰ እያዩት ዛፍ ላይ ሆነው በሉት። እነሱ የበተኑትን ቆሻሻ ነፋሱ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል፤ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ፣ አንዴ የገባ ፌስታል ከቆሮሶውና ከአምባዛው ጋር እዚያው ይከርማል።

ፈቃድ አግኝተናል። የቀረው ገንዘብና ጉልበት ነው። 50 ብርም 500 ብርም ይመዘገባል፤ ሲሚንቶ ወይም አሸዋ የተረፈው ያንኑ ያምጣ። የሰፈራችን በያጅ "ላሜራውን ብቻ ግዙልኝ፣ ክዳኑን በነፃ እሠራለሁ" ብሎናል።

ገንዘቡን ለእድሩ ገንዘብ ያዥ በእጅ ሰጥታችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ራቅ ያላችሁ በቤተሰብ በኩል ላኩ። የሂሳብ ቁጥር እዚህ ያልጻፍኩት አውቄ ነው፣ ቁጥሩን በራሱ ቀይሮ የሚለጥፍ አጭበርባሪ በዝቷል። ወጪው በየወሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል፣ የሚስማር ዋጋ ሳይቀር።

የመጀመሪያው ወንበር ግንዱ የነበረበት ቦታ ላይ ነው የሚተከለው። ቁፋሮው በመጪው ቅዳሜ ነው። አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንገናኝ።