ለአቅመ ሔዋን መድረስና የባል ምርጫ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ቀድመው ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሴቶች ካደጉ በኋላ ወንዳወንድነቱ የጎላ ባል ይመርጣሉ የሚለውን የጤና ዓምዳችሁን ጽሑፍ አንብቤ፣ ድምዳሜው ከማስረጃው ቀድሞ እንደሮጠ ስለተሰማኝ ይህን ጻፍኩ።

የሐሳቡ ምንጭ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄይ ቤልስኪና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ ሲሆን፣ ጭንቀትና ጠብ በበዛበት ቤት ያደገች ልጅ ሰውነቷ ፈጥኖ እንደሚጎለምስ፣ ከወንዶች ጋርም ግንኙነት ቀድማ እንደምትጀምር ይገምታል። ግምቱ ብዙ ምርምር አስነስቷል። ይሁንና የወር አበባ በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ውርስ ከፍተኛ ድርሻ ስላለው፣ ያው እናት ዘረ መሏንም የቤቷንም ኑሮ ለልጇ ስታስተላልፍ የትኛው ምን እንዳመጣ መለየት ይቸግራል።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ስታቲንና ማግኑሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በስዊድን ልጃገረዶችን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት ነው። ቀድመው የጎለመሱት ከእኩዮቻቸው ይልቅ መጠጥ መቅመስና ከትምህርት ቤት መቅረት ያበዙ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ጎልቶ የታየው በዕድሜ ከሚበልጧቸው ጋር በሚውሉት ላይ ነው። እንግዲህ ሰውነቷ የከፈተላት የትልልቆቹን ደጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ለሰውነቷ መስጠት አይገባም።

የወንድ ገጽታን በተመለከተም ጥንቃቄ ያሻል። «ምርጫ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒውተር ወንዳወንድነታቸው ከፍ ወይም ዝቅ የተደረገ ፊቶችን ለተማሪዎች አሳይቶ የሚለካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ 584 ሴቶችን ያሳተፈ ጥናትም የሆርሞን መዋዠቅ ይህን ምርጫ እንደሚለውጥ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ጥናቱ ስለ ጉርምስና ዕድሜ ባይሆንም፣ ከሆርሞን ወደ ምርጫ በአንድ እርምጃ መሻገር እንደማይቻል ያሳያል።

የዓምዱ ጸሐፊ በመጨረሻ ነገሩን ወደ አገራችን ማምጣታቸው ደግሞ ጨርሶ አልገባኝም። በአማራ ገጠር ብዙ ልጃገረዶች የወር አበባ ሳያዩ ይዳሩ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ካደረገ በኋላም ልማዱ ፈጥኖ አልጠፋም። ባሉን የመረጡት ወላጆቿና ሽማግሌዎች ከሆኑ፣ ያገባችውን ሰው አይቶ ስለ እርሷ ምርጫ ምን ማለት ይቻላል? ዓምዱ ወደፊት እንዲህ ያለ ጥናት ሲያቀርብ፣ ሴቶቹ የተጠየቁት የሚወዱትን ነው ወይስ ያገቡትን፣ የጉርምስና ዕድሜያቸውስ የተመዘገበው በጊዜው ነው ወይስ ከዓመታት በኋላ በትውስታ የሚለውን አብሮ ቢገልጽልን እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ሕይወት መምህር፣ ባሕር ዳር