ለደንበኞቻችን፦ የኢማክስ ፕለጊኖቻችን ሥዕል የሚያወጡበት መንገድ ስለመቀየሩ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከሚቀጥለው ዕትም ጀምሮ ለኢማክስ (የጽሑፍና የኮድ ኤዲተር) የምንሠራቸው ፕለጊኖች፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍሎች፣ ግራፎቻቸውንና የጎን ፓነሎቻቸውን የሚያሳዩት ኤዲተሩ ውስጥ በሚከፈት ብሮውዘር (ኤክስዊጀት) ሳይሆን በኤስቪጂ (ቅርጾችን በጽሑፍ የሚገልጽ የሥዕል ዓይነት) ነው። ለመሥራት ኢማክስ 29.1 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ኤክስዊጀት ከ25.1 ጀምሮ ኢማክስ ውስጥ አለ። የዌብኪትን የብሮውዘር ሞተር ስለሚያስገባ ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ በሚያውቀው መንገድ ፓነል ያወጣበታል፤ ለዚህም ነው ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት። ነገር ግን ኢማክስ ኮምፓይል ሲደረግ (ከምንጭ ኮዱ ሲገነባ) ካልተካተተ የለም፤ ከብዙ የሊኑክስ ማከፋፈያዎች የሚወርደው ፓኬጅ ደግሞ አያካትተውም። ይባስ ብሎ የዌብኪት የሊኑክስ ቅጂ የሆነው ዌብኪት ጂቲኬ 2.41.92ና ከዚያ ወዲህ ያሉት ዕትሞች ኢማክስን ድንገት ስለሚዘጉት፣ የኢማክስ 30 ማዋቀሪያ ከእነዚህ ጋር ኤክስዊጀትን ጨርሶ አይቀበልም። በእንዲህ ያለ መሠረት ላይ የደንበኛ ሥራ መጣል አይገባንም።

ኤስቪጂ በአንጻሩ ፕለጊኑ በሊስፕ፣ ማለትም በኢማክስ የፕሮግራም ቋንቋ፣ የሚያዘጋጀው ተራ ጽሑፍ ነው። ኢማክስ ሊብአርኤስቪጂ በሚባል የሥዕል ላይብረሪ አማካይነት ወደ ሥዕል ቀይሮ በጽሑፉ መሐል፣ እንደ አንድ ፊደል ያስቀምጠዋል። የእናንተ ኢማክስ ይህን መቻሉን ለማወቅ ኮንትሮል-ኤች፣ ቀጥሎ ቪ ተጫኑና ሲስተም-ኮንፊጉሬሽን-ፊቸርስ የሚለውን ተለዋዋጭ ክፈቱ፤ ዝርዝሩ ውስጥ አርኤስቪጂ ካለ በቂ ነው። ከሌለ ብዙውን ጊዜ የተጫነው «ኖክስ» የሚል ቅጥያ ያለው፣ ያለ ግራፊክስ የተሠራው ፓኬጅ ነው። ከሩቅ ማሽን ጋር በሚያገናኝ የኤስኤስኤች ተርሚናል ውስጥ ለምትሠሩ ግን ሥዕል አይታይም። እዚያ ፕለጊኑ ያንኑ መረጃ በጽሑፍ ሠንጠረዥ ያቀርባል።

ከሁሉ በላይ ያደከመን የግዕዝ ፊደል ነው። የላቲን ኮድ ሁሉም ፊደል እኩል በሆነ ፎንት ስለሚጻፍ ስፋቱን በፊደል ቁጥር ማስላት ይቻላል። «ር» እና «ጯ» ግን እኩል ቦታ አይዙም፤ በዚያ ላይ የኮዱ ፎንት ግዕዝ ስለሌለው ኢማክስ ፊደሎቹን ከሌላ ፎንት ይዋሳል። ስለዚህ «ጠቅላላ ወጪ» የሚል ቁልፍ ከነክፍተቱ ሰባት ፊደል ነው ብሎ ሳጥን የሠራ ፕለጊን ጽሑፉ ከሳጥኑ ይፈስበታል። እኛ የምንለካው በፒክስል ነው፤ ለዚህ የምንጠቀምበት ስትሪንግ-ፒክስል-ዊድዝ የተጨመረው በ29.1 ስለሆነ ነው ዝቅተኛውን ዕትም ከፍ ያደረግነው። መለካቱ ብቻም አይበቃም። ለኪው ኢማክስ፣ ሠዓሊው ሊብአርኤስቪጂ ስለሆኑ የፎንቱ ስምና መጠን በሥዕሉ ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ ሁለቱ የተለያየ ፎንት ይመርጣሉ። በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ካያችሁ ማሽኑ ላይ የግዕዝ ፎንት የለም ማለት ነው፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጫኑና ኢማክስን ዘግታችሁ ክፈቱ።

ሌላው የጠቅታ መሳት ነው። ኢማክስ በነባሪ ቅንብሩ የፊደል ስፋት ከ10 ፒክስል ሲበልጥ ሥዕሎችን በዚያው ልክ ያሳድጋል፦ ስፋቱ 15 ከሆነ 200ኛው ፒክስል ላይ የተሳለው ቁልፍ 300ኛው ላይ ይታያል። የጠቅታው ካርታ አብሮ ካላደገ የተጫናችሁት ሌላ፣ የሚከፈተው ሌላ ይሆናል። አሁን የሥዕሉን ማሳደጊያ 1 ላይ አስረን መጠኑን ራሳችን እናባዛለን።

በየሰከንዱ የሚንቀሳቀስ ግራፍ ለምትጠይቁን መልሳችን አሁንም «አይሆንም» ነው። ኢማክስ ሥዕል ሲስል የእናንተን ትየባም ያስቆማል፤ ሁለቱ የሚሠሩት በአንድ ተራ ነው። ስለዚህ የምንስለው እጃችሁ ለ0.3 ሰከንድ ከኪቦርዱ ሲያርፍ ብቻ ነው። የሜሞሪም ነገር አለ፦ 800 በ400 ፒክስል የሆነ አንድ ሥዕል 1.3 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፣ ኢማክስ ደግሞ ከስክሪን የወረደን ሥዕል በነባሪ እስከ 300 ሰከንድ በካሽ (በጊዜያዊ ማከማቻ) ያቆየዋል። በየጊዜው አዲስ ሥዕል እየሳለ አሮጌውን በኢሜጅ-ፍለሽ የማያስወግድ ፕለጊን የማሽኑን ሜሞሪ ቀስ በቀስ ይሞላዋል። የራሳችሁን ፕለጊን የምትጽፉ ከሆነ መጀመሪያ የሚረሳው ይህ የኢሜጅ-ፍለሽ መስመር ነው።

ብልሽት ስታሳውቁን የኢማክሱን የዕትም ቁጥር፣ ከላይ የጠቀስነውን የፊቸርስ ዝርዝርና የስክሪኑን ፎቶ ላኩልን። ያለ እናንተ ቅንብር፣ ማለትም በሰረዝ-ኪው (-ኪው) ተከፍቶ ፕለጊናችን ብቻ ሲጫንም ችግሩ ከቀጠለ ያንን ጨምሩበት።

ከሰላምታ ጋር
የፕለጊን ሥራ ክፍል