ክትባት «በ2 ቀን» አይሠራም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ ነበር። ጅማ ነውና ቡናው ቶሎ አያልቅም። ቶናው ሊቀዳ ሲል ስልኳን አወጣችና ከእናንተ ጋዜጣ አንድ ጽሑፍ አነበበችልን። «የኮሮና ክትባት በኮምፒውተር በ2 ቀን ተሠራ» ይላል። የጻፈው ሰው አድንቆ እንደጻፈው ገብቶኛል። እሷ የሰማችው ግን ሌላ ነው። «በ2 ቀን የተሠራ ነገር ልጄን አላስወጋም» አለች። ልጇ 9 ወር ሊሞላው ነው። ቀጠሮው የኩፍኝ ነው።

የእኔ ሥራ ደግሞ ይኸው ነው። ኮምፒውቴሽናል ባዮሎጂ ይባላል። የበሽታ አምጪዎችን ዘረመል በኮምፒውተር እናነባለን፤ ለክትባት የሚሆን ክፍል እንፈልጋለን። ስለዚህ ቡናዬን ጠጥቼ ዝም ብዬ መውጣት አልቻልኩም። ለእሷ ያልኳትን ለአንባቢዎቻችሁም ልበል።

የኩፍኝ ክትባት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ከእሷም ከእኔም ዕድሜ ይበልጣል። በኮምፒውተር የተነደፈ አይደለም። ከኮሮናው ወሬ ጋር ምንም አያገናኘውም።

የኮሮናውም ቢሆን እንደተባለው አይደለም። የቫይረሱ ዘረመል ወደ 30 ሺህ ፊደል ነው። በጥር 2012 ዓ.ም. ለዓለም ይፋ ሲሆን፣ የክትባቱ ንድፍ በቀናት ውስጥ መውጣቱ እውነት ነው። ግን ከ30 ሺህ ፊደል የትኛውን ክፍል እንደሚመርጡ ተመራማሪዎቹ ቀድመው ያውቁ ነበር። ሳርስና መርስ በሚባሉት የዚሁ ቫይረስ ዘመዶች ላይ ዓመታት ደክመዋል። ቫይረሱ ሴል ውስጥ የሚገባበት እሾህ መሰል ፕሮቲን ቅርጹን ይቀያይራል፤ 2 ቦታ ላይ ብቻ ለውጥ ቢደረግ ግን ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ይህ በመርስ ላይ ተሠርቶ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። «2 ቀን» የሚባለው እዚያ ሁሉ ላይ የተቀመጠ ነው።

ከንድፉ በኋላ ያለውን ደግሞ ጽሑፋችሁ ጭራሽ አላነሳውም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ትዝ ይላችኋል፣ ከተማው ሁሉ ጭር ያለበት ሰሞን። ከ3 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7፣ አሜሪካ ሲያትል ውስጥ የመጀመሪያዋ በጎ ፈቃደኛ ተወጋች። ቀጥሎ 30 ሺህ ያህል ሰው የተሳተፈበት ሙከራ ተደረገ። ያ ክትባት የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ያገኘው ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያዋ መርፌ እስከ ፈቃዱ 9 ወር፤ ልክ የጎረቤቴን ልጅ ዕድሜ ያህል። እሱም የተቻለው ገንዘብና ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለተረባረበ ነው።

ኮምፒውተሩ እንግዲህ ምን ይሠራል? ፍለጋውን ያጠብባል። እኔ የምሠራው በወባ ላይ ነው፤ ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ በሚባለው የወባ ተሕዋስ። ከ5 ሺህ በላይ ጂኖች አሉት። የትኛው ፕሮቲን ከውጭ ይታያል? የትኛው ከታማሚ ታማሚ ይለያያል? የትኛውስ ከሰው ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል መተው አለበት? ይህን እየጠየቅን ዝርዝሩን እናሳጥራለን። መብራት ሲጠፋ 14 ሰዓት የሮጠው ስሌት ከዜሮ ይጀምራል፤ ይሁን፣ ለምደነዋል። ከተረፉት ዕጩዎች ደግሞ አብዛኞቹ ላቦራቶሪ ሲገቡ ይወድቃሉ። ላፕቶፕ ላይ ያማረ ነገር ሁሉ ክትባት አይሆንም።

የእኛን አካባቢ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እስካሁን ይሰጡ ያላቸው 2ቱም የወባ ክትባቶች ፋልሲፓረም ለሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት ናቸው። ለቫይቫክስ የለም። እዚህ ጅማ ዙሪያ ግን፣ ወደ ግልገል ጊቤ ስትወርዱ፣ 2ቱም ወባዎች አሉ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛና ከወራት በኋላ ይነሳል። «ወባዬ ተነሳብኝ» የሚባለው አንዳንዴ እሱ ነው። ፋልሲፓረምን እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ላቦራቶሪ ውስጥ ማራባት ይቻላል። ቫይቫክስ ግን ገና ለጋ የሆኑ ቀይ የደም ሴሎችን ብቻ ስለሚመርጥ፣ እስከ ዛሬ እንደዚያ ማራባት አልተቻለም። ስለዚህ ማጥናት የሚቻለው በዋናነት ከታማሚ ደም ነው። ጤና ጣቢያ ወረፋ ከያዘ ሰው ጣት ከሚወጣ ጠብታ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የመጀመሪያው የቫይቫክስ ሙሉ ዘረመል ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ነበር። ያ ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን የእኛ አይደለም። ልዩነቱ ደግሞ ዋጋ አለው። በፋልሲፓረም ክትባት ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አለ። ክትባቱ ከተሠራበት ወባ ጋር የሚመሳሰለውን በመጀመሪያው ዓመት 50 በመቶ ገደማ ተከላከለ፤ የማይመሳሰለውን ግን 33 በመቶ። የአካባቢያችን ወባ ካልተነበበ ለእኛ የሚመሳሰለውን በምን እናውቃለን? ሌላም አለ። ቫይቫክስ ደፊ የሚባለው ምልክት ደማቸው ላይ የሌላቸውን ሰዎች አይዝም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን፣ ደቡብ ምዕራቡን ጨምሮ፣ እነሱንም ሲይዝ ተገኝቷል። ይህን የነገረን እንደ ጎረቤቴ ያሉ ሰዎች የሰጡት ደም ነው።

አንድ ጊዜ ናሙና ከሚሰበስቡ ባልደረቦቼ ጋር ወደ አሰንዳቦ ወርጄ ነበር። አንድ አባት ጣታቸውን ሰጥተው «ልጄ፣ ይሄ ደም የት ነው የሚሄደው?» አሉኝ። «ላቦራቶሪ፣ አባቴ» አልኳቸው። ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ መልሴ ግን አነሰ። እኔ ዘንድ ሲደርስ እሳቸው የፋይል ቁጥር ናቸው። ውጤቱን ይዞ ተመልሶ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሰው ክትባትን የሚጠራጠረው አላዋቂ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ጠይቆ የሚመልስለት ሲያጣም ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ ስለ ክትባት ስትጽፉ ፍጥነቱን ብቻ አትንገሩን። ስንት ሰው ላይ እንደተሞከረ፣ ስንት ወር እንደፈጀ፣ መነሻው የማን ደም እንደሆነ አብራችሁ ጻፉልን። ይህንንም ደብዳቤ ከሐሙስ በፊት ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። የጎረቤቴ ልጅ ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት ነው። እኔ በቃሌ ከነገርኳት ይልቅ ጋዜጣ ላይ ያነበበችውን ታምናለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ተመራማሪ፣ ከጅማ